የማይሰማ የንስሐ አባት

ጆሮዬን ያበላሸው የአንድ ባላባት ቀብር ነው። እሳቸው ሞቱ፣ እኔ ደነቆርሁ። ያን ጊዜ በእኛ በስማዳ ትልቅ ሰው ሲሞት ጠመንጃ ይተኮስ ነበር፤ ጣሊያን ከወጣ ገና ብዙ ስላልቆየ መሣሪያ የሌለበት ቤት አልነበረም። እኔ አዲስ የተካንሁ ቄስ ነኝ፤ መስቀል ይዤ ከአስከሬኑ ፊት ፊት እሄዳለሁ። ከጎኔ የሚሄድ አንድ የሟች ዘመድ፣ ሐዘኑ ይሁን ጠላው ገፋፍቶት፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቶ ከጆሮዬ ሥር ለቀቀው። መስቀሉን አልጣልሁም። በዚህ ለብዙ ዓመት ስኮራ ኖሬአለሁ፤ ምኑ እንደሚያኮራ አሁን ሳስበው አይገባኝም።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጆሮዬ ይጮኻል። መጀመሪያ ግራው ብቻ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ቀኙም ተከተለው። ከራስ ቅሌ ውስጥ የንብ ቀፎ የተሰቀለ ይመስል ጭው ይላል፤ አያርፍም፣ አይደክመውም። ዙሪያዬ ጫጫታ ሲሆን ይደበቃል፣ ጸጥ ሲል ይወጣል። ለሰው ስነግር «ሰው እያማዎት ነው» ይሉኛል። እንግዲህ ሐሜት ከሆነ ስማዳ እርሻውን ትቶ እኔን ብቻ ያማል ማለት ነው። ጤና አዳም ጨምቀው አንጠባጠቡልኝ፣ ለብ ያለ ቅቤ አፈሰሱልኝ፣ ሰባት ቀን ጠበል ገባሁ። ጠበሉ ራሴ ላይ ሲወርድ ጩኸቱ ጠፋ፤ «ተፈወስሁ» ብዬ ስወጣ ገና ልብሴን ሳልለብስ ተመልሶ መጣ።

ጩኸቱ ብቻ ቢሆን በቻልሁት። መስማቴንም እየቀነሰብኝ ሄደ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ፣ ሰው ከጎኔ ቆሞ ካልጮኸ በቀር ቃሉን ለይቼ የማልሰማ ሆንሁ። ቅዳሴው አላስቸገረኝም፤ በቃሌ ስለማውቀው የዲያቆኑን ከንፈር እያየሁ በተራዬ እገባ ነበር። ያስቸገረኝ የንስሐ አባትነቱ ነው።

የንስሐ አባት ሥራው መስማት ነው። ሌላው ሁሉ፣ ቤት መባረኩ፣ ጠበል መርጨቱ፣ ዝክር ላይ ከላይ መቀመጡ፣ ጆሮ አይጠይቅም። ንስሐ ግን ልጁ ከእግርህ ሥር ተንበርክኮ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገረው ነገር ነው። «ጮክ በል» አይባል ነገር። አንዴ ብዬ አይቻለሁ፤ ገበሬው ቀና ብሎ ዙሪያውን ገላመጠና ነገሩን ውጦ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልደገምሁትም። መስቀሌን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ በግንባሬ ሥር አጮልቄ እያየሁ፣ ከንፈሩ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ድረስ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሲያቆም «እግዚአብሔር ይፍታህ» እላለሁ። ቀኖናውንም የምሰጠው በዓይኔ ነበር፤ እንባ ካየሁ አርባ ስግደት፣ እንባ ካላየሁ ሰማንያ።

ይህን ለማንም አልተናገርሁም። «የሚሰማው እግዚአብሔር ነው፣ እኔ ደጃፍ ነኝ» እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር። ውሸቴን ነበር ማለት አሁን ቀላል ነው፤ ያን ጊዜ ግን አምኜበት ነበር፣ ቢያንስ ቀን ቀን።

የሚገርመው የንስሐ ልጆቼ መብዛታቸው ነው። መጀመሪያ የአጥቢያችን ሰው ብቻ ነበር፤ ኋላ ከወንዝ ማዶ፣ ኋላም ሁለት ደብር አቋርጠው ይመጡ ጀመር። የጾም መግቢያ ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ከወይራው ሥር ስቀመጥ ሰልፉ እስከ ደጀ ሰላሙ ይደርሳል። ሌሎቹ ካህናት ሁለት ሦስት ሰው ተቀብለው ያዛጋሉ። እኔ ምን ይሰማኝ ነበር ቢሉ፣ ኩራት። ትዕግሥቴን አይተው ነው፣ የዋህነቴን አይተው ነው እል ነበር። አንዳንዴ ቅድስናዬንም እጨምርበታለሁ።

ባለቤቴ ብቻ ትስቅብኝ ነበር። አፏን ከቀኝ ጆሮዬ አስጠግታ «አንቱኮ የጸደቀው አንገትዎ ነው» ትለኛለች። ነገሩ ገብቷት ኖሯል፤ እኔ በቀልድ ወሰድሁት።

ከእሷ ጋር መነጋገር አላስቸገረኝም። ብዙ ዘመን አብሮህ የኖረ ሰው የሚለውን ግማሹን ሳይናገረው ታውቀዋለህ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የወፍጮዋ ነገር ነው። ገብስ ስትፈጭ እኔ መደቡ ላይ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ እቀመጣለሁ። የወፍጮው ድምፅ ከመደቡ ወደ አጥንቴ ይገባል፤ ያን ጊዜ ጆሮዬ ጸጥ ይላል። ሌላ ሰው የሚያርፈው ሲተኛ ነው፤ እኔ የማርፈው ሚስቴ ስትፈጭ ነበር። እሷም ታውቃለች። ዱቄቱ በቅቷት ሳለ እንኳ ዞር ብላ ፊቴን ታይና አንድ እፍኝ እህል ትጨምራለች። ስለዚህ ነገር አመስግኛት አላውቅም።

በአንድ ክረምት ሳል ያዛት፤ መስከረም ሳያልቅ ሞተች። ቄስ ሚስቱ ስትሞት ሌላ አያገባምና መነኮስሁ። ልጃችን እስቴ ውስጥ መካነ ኢየሱስ ከተማ ባል አግብታ ከሄደች ቆይታለች። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ጩኸቱ ነን። ወፍጮው ቆመ። ሰው ሚስቱን የሚያጣት በዓይኑ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ያጣኋት በጆሮዬ ነው። ጎረቤት ሲመጣ የሚናገረውን ስለማልሰማ ቶሎ ይሰለቸኛል፣ እሱም ይሰለቸዋል፣ እንጀራውን አስቀምጦ ይሄዳል። ከዚያ እስከ ማታ ያው ጭው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አላስችል ብሎኝ ወፍጮው ሥር ተንበረከክሁ። መጁን በሁለት እጄ ይዤ፣ ያለ እህል፣ ድንጋይ በድንጋይ መፍጨት ጀመርሁ። ወንድ ልጅ፣ ያውም መነኩሴ። ጎረቤቴ ወጥ ይዛ ስትገባ አየችኝና ወጡን ደፍ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። በማግሥቱ «አባ ልባቸውን ነካቸው» የሚል ወሬ ወጣ። ወሬ ደግሞ ከበቅሎ ይፈጥናል፤ ሳምንት ሳይሞላ ልጄ ዘንድ ደረሰ።

መጥታ ወሰደችኝ። እስቴ ሁለት ቀን አርፈን ከዚያ በጭነት መኪና ደብረ ታቦር ሄድን። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ አንድ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢው፣ ያስተረጉምለታል። ፈረንጁ በብርሃን ጆሮዬን ካየ፣ ሹካ የሚመስል ብረት እየመታ ግንባሬ ላይ ካስቀመጠ በኋላ፣ ድሬሰሩ አፉን ጆሮዬ ላይ ለጥፎ «ለጩኸቱ መድኃኒት የለውም ይላል» አለኝ። ይህን ለመስማት ነው ወይ ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁ ብዬ ተቆጣሁ። ፈረንጁ ቁጣዬ ሳይተረጎምለት ገባው መሰለኝ፣ ወንበሩን አስጠግቶ ረጋ ብሎ ሌላ ነገር ተናገረ።

«ጆሮ የተፈጠረው ሊሰማ ነው ይላል» አለ ድሬሰሩ። «ከውጭ የሚሰማው ነገር ሲያጣ ይራባል፤ ሲርበው የራሱን ድምፅ ይሠራል። ስለዚህ ጆሮዎን ያብሉት ይላል። ጠግቦ ከዋለ ጩኸቱ አይጠፋም፣ ግን ይተኛል።»

እፍኝ እህል እየጨመረች የምትፈጨው ሚስቴ ትዝ አለችኝ። እዚያው በባዕድ ሰው ፊት ጥምጣሜን ዓይኔ ላይ ጎትቼ አለቀስሁ።

ሐኪሙ ለመስማት የሚረዳ መሣሪያ ከአገሩ አስመጥቶ ሲጠራኝ ወራት አልፈዋል። ሁለት የክብሪት ቀፎ የሚያህል ሣጥን ነው፤ ከሣጥኑ ቀጭን ሽቦ ይወጣል፤ በሽቦው ጫፍ ጆሮ ውስጥ የምትወተፍ ፍሬ አለች። በጠርዙ በኩል ድምፅ የምትጨምርና የምትቀንስ ትንሽ ጥርሳም መዘውር አለች። ሆዱ ውስጥ የባትሪ ድንጋይ ይገባል። ድሬሰሩ አደራ ያለኝ ቀስ ብዬ እንድለምደው ነው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ መዘውሯን ዝቅ አድርጌ፣ ጸጥ ካለ ቦታ እንድጀምር። «ብዙ ዘመን የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ አይጠግብም» አለኝ።

እኔ ግን መቼ ሰው ሰምቼ አውቃለሁ። ስማዳ በተመለስሁ በሦስተኛው ቀን መዘውሯን እስከ ጥጓ አዙሬ ወገዳ ገበያ ገባሁ። አህያው፣ ሻጩ፣ ለማኙ፣ በግ የጠፋበቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ ራሴ ውስጥ ገብቶ ጮኸ። ከአንድ ግንብ ሥር ተቀምጬ ራሴን ይዤ ቀረሁ። ሳወልቀው ደግሞ ጩኸቱ እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አልበረደም። ከዚያ ወዲያ የታዘዝሁትን አደረግሁ።

ትንሽ ድምፅ በቂ ነበር። ጠዋት ደጄ ላይ ተቀምጬ ዶሮዎቹ ሲጭሩ እሰማለሁ። በቅሎዋ ገለባ ስታኝክ እሰማለሁ፤ በቅሎ ሲያኝክ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ድምፅ እንዳለው ረስቼው ነበር። ጩኸቱ አልጠፋም፤ ግን ከሳሎን ወደ ጓሮ የሄደ እንግዳ ያህል ራቀ። ከበሮ ባለበት ማኅሌት አወልቀዋለሁ። ክረምት ሲሆን እርጥበት እንዳይገባው በጨርቅ ጠቅልዬ ከምድጃው በላይ እሰቅለዋለሁ። ፍሬዋ ጆሮዬን ስታቆስለው አንድ ቀን አሳርፈዋለሁ፤ በዚያ ቀን ጩኸቱ ይመለሳል፣ እታገሠዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ለመድሁት። ከሚስቴ ሞት ወዲህ ያገኘሁት የመጀመሪያው ዕረፍት ነው።

ሣጥኑን በቆዳ ከረጢት አድርጌ አንገቴ ላይ ከቀሚሴ ሥር አንጠለጠልሁት፤ ሽቦውን ጥምጣሜ ይሸፍነዋል። የዐቢይ ጾም ሲገባ እንደ ልማዴ ከወይራው ሥር ተቀመጥሁ። ልቤ እንደ ሙሽራ ልብ ይመታል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬን ልሠራ ነው።

ከሰልፉ ፊት የነበረው ዘጠኝ ዓመት የንስሐ ልጄ ሆኖ የኖረ ገበሬ ነው። እንደ ልማዱ ተንበርክኮ እንደ ልማዱ ጀመረ። ድምፁ ወፍራምና የሚያምር ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር። ምን እንዳለ አልጽፍም፤ የንስሐ ነገር ከእኔ ጋር ይቀበራል። ቀላል ነገር አልነበረም ማለት ይበቃል። አነጋገሩ ግን የቀላል ነገር ነበር፤ የዘንድሮን ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ፈጠን ፈጠን እያለ ነው የሚናገረው። ደነገጥሁ። አንገቴን መነቅነቁን ረስቼ «መቼ?» አልሁት። አንዲት ቃል ናት። ሌላ የንስሐ አባት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጠይቃል።

ሰውዬው ቀና አለ። መጀመሪያ ፊቴን አየ፣ ቀጥሎ ሽቦውን አየ።

«አባ፣ ይሰማሉ እንዴ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ፣ እሰማለሁ» አልሁት፤ ደስ የሚለው መስሎኝ።

ጋቢውን ሰበሰበ። ይፍታህ ሳልለው፣ ቀኖናም ሳይቀበል፣ ከሰልፉ ጎን ጎን እየሄደ አንድ ነገር እያለ ወጣ። ያለውን አልሰማሁም፤ ሣጥኑ ሩቅ አይሰማም። ብቻ ሰልፉ ከኋላው በኩል ማለቅ ጀመረ። አንዱ ከብቱ ትዝ አለው፣ አንዷ እሳት ሳታጠፋ የወጣች መሰላት። ቀትር ሳይሆን ከወይራው ሥር ብቻዬን ነበርሁ።

የንስሐ አባት እንደ ጫማ አይቀየርም። ልጁ መጥቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ተመርቆ ነው ወደ ሌላ የሚሄደው። መጡ፣ በየተራ። አንዱ «ቤቴ ለማዶው ደብር ይቀርባል» አለኝ፤ ቤቱ ከእኔ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው። አንዷ «ባለቤቴ ነው ወደ እሱ አባት ካልተዛወርሽ ያለኝ» አለች፤ ባሏን ከሦስት ዓመት በፊት እኔው ራሴ ቀብሬዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «እንግዲህ ኃጢአት የምሠራበትም ጉልበት የለኝ፣ የንስሐ አባት ምን ያደርግልኛል» አለኝ። እሱ ይሻላል። ቀድሞ ቢሆን እየነቀነቅሁ እሸኛቸው ነበር፤ አሁን እያንዳንዱን ሰበብ ጥርት አድርጌ ሰማሁ። መረቅኋቸው። ምን አደርጋለሁ።

ሊሰናበቱ ያልደፈሩት ዝም ብለው ቀሩ። ዝክር ላይ ስገባ ተነሥተው ያስቀምጡኛል፣ እጄን ይስማሉ፣ ከዚያ ወሬው ይቆማል። ሁሉም ጠላውን እያየ ይጠጣል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እውነት ነው፣ የእነሱ ዝምታ ወራት ቢቆይም አልነቀዘም። እኔ ደግሞ ጨዋታ ለማምጣት ስለ አዝመራው እጠይቃለሁ፤ «ደኅና ነው፣ እግዜር ይመስገን» ይሉኛል፤ አበቃ። ስወጣ ከበስተኋላዬ ጨዋታው ሲሞቅ ይሰማኛል። አንድ ቀንማ ሽቦውን ከጆሮዬ መንግዬ ልጥለው ምንም አልቀረኝ።

ጆሮ አገኘሁ፣ የሚሰማ ነገር አጣሁ። ጩኸቱም ተመለሰ፤ ሣጥኑ በርቶ፣ ድንጋዩ አዲስ ሆኖ። መጀመሪያ መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። አልተበላሸም፤ ጆሮ ለካ ዶሮና በቅሎ ብቻውን አያጠግበውም።

ወገዳ ገበያ ላይ ጨርቅና ጨው የሚሸጥ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ የሣጥኑን ድንጋይ ከደብረ ታቦር የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ለእኔ የሚናዘዘው ነገር ስለሌለ አይፈራኝም። ያን ሰሞን ከእኔ ጋር ወግ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ድንጋዩ ሳያልቅ እንኳ «አምጥተሃል ወይ» እያልሁ እሄድ ነበር። አንድ ቀን በርጩማ ሰጥቶኝ ሲያበቃ «አባ፣ የንስሐ ልጆችዎ ቀዘቀዙ አሉ» አለኝ።

«ምን ይላሉ?» አልሁት።

«ያች አንገትዎ ላይ ያለችው ስልክ ናት ይላሉ። አንዱ የተናገረው ሁሉ በሽቦው ሄዶ ገዢው ቢሮ ይወድቃል ይላሉ።»

«ስልክማ እንጨትና መስመር ይፈልጋል። ይህን ያህል ሞኝ ናቸው?»

ሳቀ። ጨርቁን እያጣጠፈ «ሞኝ አይዶሉም። እሱን ለሰበብ ነው የሚሉት» አለኝ።

«እውነቱስ ምንድን ነው?»

«ይቆጡኛል።»

«አልቆጣም» አልሁት፤ ከወዲሁ ተቆጥቼ ነበር።

«ድሮስ ቢሆን ይመጡልዎ የነበረው ስለማይሰሙ ነዋ። አገር ያወቀው ነገር ነው፣ አባ። እዚህ ሱቄ ውስጥ ቆመው ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ለእሳቸው መናዘዝ ለድንጋይ መናዘዝ ነው፣ ግን ድንጋይ ይፍታህ አይልም ይላሉ። እንዲህ ያለ አባት ከየት ይገኛል? እንዲያው አንቱ ሳያውቁት ቀርተው ነው?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእኔ ከባዳም ባዳ ነበር። ድንጋዩን ሳልወስድ ተነሣሁ። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘኝ፤ ሣጥኑን በእጄ ሸፍኜ እየተሳደብሁ ሄድሁ። መነኩሴ መሳደብ አይገባውም፤ ተሳደብሁ። ነጋዴውን ሰደብሁት፣ ገበሬውን ሰደብሁት፣ ቤቴ ስደርስ የሚሰደብ ሰው አለቀና ራሴ ቀረሁ። ያ ሁሉ ዓመት የኮራሁበት ሰልፍ የደንቆሮ ሰልፍ ነበር። እነሱ እንደማልሰማ አውቀው ተናገሩ፤ እኔም የሰማሁ መስዬ ፈታሁ። ማናችን ማንን እንዳታለለ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ብቸኝነት ሰውን ክብር አያስመርጥም። የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል ሣጥኑን በጨርቅ ጠቅልዬ ግድግዳው ላይ ሰቀልሁት። ጥምጣሜን ከሁለቱም ጆሮዬ ከፍ አድርጌ አሰርሁ፤ ምንም እንደሌለ ሁሉም ይይ ብዬ። ዝናቡ ፋታ በሰጠበት ጠዋት ከወይራው ሥር ተቀመጥሁ። መጀመሪያ ሁለት ሰው መጣ። ከዚያ አምስት። ከዚያ ሰልፍ ሆነ፤ እንደ ድሮው አይሁን እንጂ ሰልፍ ነበር። ከዐቢይ ጾም ወዲህ ያላናገረኝ ጎረቤቴም መጥቶ ጉልበቴን ሳመ።

ነቀነቅሁ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ጆሮዬ ይጮኻል። እንደዚያ ቀን ጮኾ አያውቅም። ቀድሞ የማልሰማው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ አሁን አንዱን ሰምቻለሁና የሌሎቹም ምን ያህል እንደሚከብድ እገምታለሁ። «ይፍታህ» ስል ምላሴ ይይዘኛል። ሰው ተመለሰልኝ፤ በሰው መካከል ተቀምጬ ግን እንደዚያ ቀን ብቻዬን የሆንሁበት ጊዜ የለም። እንዲያም ሆኖ ልተወው አልቻልሁም። ሲመጡ ጉልበቴን ይስሙታል፤ የሰው እጅ ሙቀት ናፍቆኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ሣጥኑ ንስሐ ተቀብዬ አላውቅም፤ የንስሐ ልጆቼም እስከ ዛሬ ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም። ምክንያቱ በዚያ ቀን በመጨረሻ የቀረበችው ሴት ናት። ከወንዝ ማዶ የምትኖር ባልቴት ናት፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለፍልሰታ ትመጣለች። የምትናገረው ጥቂት ነው፣ እንባዋ ግን ብዙ ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ አርባ ስግደት ሰጥቼ እሸኛታለሁ። ያን ቀን አልተንበረከከችም። ቆማ ግራ ጆሮዬን አየች፣ ቀኙን አየች። ከዚያ በጣቷ ወደ ጆሮዋ፣ ቀጥሎ ወደ ደረቷ አመለከተችኝ።

ስለ ሣጥኑ እንደሆነ ገባኝ። «ቤት ነው» አልኋት።

በእጇ ወደ ቤቴ አመለከተችኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሂድና አምጣ ማለቷ ነው። ካህን እንዲህ አይታዘዝም፤ ልገሥጻት አስቤ ነበር። ፊቷን ሳይ ግን ካላመጣሁ እስከ ማታም እንደማትነሣ አወቅሁ። ቁልቁል ወርጄ ሣጥኑን ይዤ እያለከለክሁ ተመለስሁ። ሌላው ሰው ሄዷል። ፍሬዋን ጆሮዬ ውስጥ ወትፌ መዘውሯን አዞርሁ። መጀመሪያ ከወይራው የሚንጠባጠበው ውኃ ተሰማኝ፣ ቀጥሎ የሴቲቱ ትንፋሽ።

«አሁን ይሰማሉ?» አለችኝ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ከግዙፍ ቁመናዋ ጋር አይሄድም።

«እሰማለሁ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዘጠኝ ዓመት፣ ፍልሰታ በመጣ ቁጥር ያችኑ አንዲት ነገር ነው የምነግርዎ። ያኔ ይሰሙኝ ነበር?»

መልስ አላጣሁም። «በጥቂቱ» ልል እችል ነበር፤ «እግዚአብሔር ሰምቶሻል» ልልም እችል ነበር፣ ለራሴ ስለው እንደኖርሁት። ሁለቱም አፌ ላይ መጥተው ነበር። ይህችም ሴት እንደ ሌሎቹ ተነሥታ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ፤ እሷ ከሄደች ማን ቀረኝ።

«አልሰማሁም» አልኋት።

«አንዱንም?»

«አንዱንም፣ ልጄ።»

መስቀሌን ወይራው ቅርንጫፍ ላይ ሰቅዬ ከእግሯ ሥር ወደቅሁ። ይቅር በይኝ አልኋት። ጭቃው ጉልበቴን አራሰው። የሰደበችኝ እንደሆነ ልሰማት ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ክንዴን ይዛ ወደ ላይ ጎተተችኝ።

«ይነሡ፣ አባቴ፣ እንዲህ አይሁኑ» አለች። «እኔኮ የሰሙኝ መስሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ አይሰሙም ሲል እኔ አላመንሁም። እንዲህ ያለውን ነገር ነግሬያቸው፣ አንድ ቃል ሳይጠይቁኝ አርባ ስገጂ ብለው የሚሰዱኝ፣ ንቀውኝ ነው፣ ይህች ሴት መልስም አይገባት ብለው ነው እል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።» እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «እንግዲያው አልናቁኝም።»

«አልናቅሁሽም።»

ነጠላዋን አስተካክላ ከፊቴ ተንበረከከች።

«እንግዲያውስ ገና አልተናገርሁም» አለችና ከሀ ጀመረች።